በሁዳዴ የበሰለ የጉልበት ዘይት

«እኔ ያሸሁት ጉልበት ሐኪም ቤት በር ላይ አይታይም» ትል ነበር የኔዓለም። ለማን ነበር የምትለው ቢባል፣ ለሰማት ሁሉ ነው። ምንጭ ወርደው ውኃ ለሚቀዱ ሴቶች፣ ከሮብ ገበያ ለሚመለሱ ነጋዴዎች፣ ድንች ሊጭን መጥቶ ወገቡን ለያዘው የአይሱዙ ሾፌር። አንድ ጊዜማ ከከተማ ለክትባት የመጣችውን ነርስ፣ «አንቺ በመርፌሽ ቀጥዪ፤ መገጣጠሚያውን ለእኔ ተዪልኝ» ብላታለች። ነርሷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። የኔዓለም አልሳቀችም።

ዕድሜዋ ዐሥራ ስድስት ነው። ትምህርቷን ከሰባተኛ ክፍል ስላቋረጠች ሰው ፊት ስትናገር የጎደለውን በድምፅ ትሞላዋለች። ድምፅ ሲያንሳት ደግሞ ትንሽ ውሸት ጣል ታደርግበታለች። ዘይቱ ግን ውሸት አልነበረም። እውነትም ትሠራው ነበር።

ያስተማሯት ጎረቤታቸው እትዬ ወለተ ሚካኤል ናቸው። ወለምታ የሚያሹ፣ የሕፃን እንጥል የሚያዩ፣ ጥርስ ሳይኖራቸው የሚናከሱ ባልቴት። የኔዓለም መጀመሪያ ጊዜ ሳትጠይቃቸው ነበር የጀመረችው። ከጮቄ ተራራ ተዳፋት ጤዛ ያልለቀቀውን ጦስኝ ለቅማ፣ ከነእርጥቡ የጋለ ዘይት ውስጥ ሞጀረችው። ዘይቱ ተንጣጥቶ ክንዷን አቃጠላት። የተረፈውን ጠርሙስ ውስጥ ከታ ብታስቀምጠው ደግሞ በሳምንቱ ነጭ ሻጋታ አወጣ፤ ሽታው እንኳን ሰው በሬ ያሸሻል።

እትዬ ወለተ ሚካኤል ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱና መልሰው ከደኑት።

«ይኼ መድኃኒት አይደለም፤ ወጥ ነው» አሏት። «ያውም የማይበላ።»

«ጦስኙ ነው መጥፎ» አለች የኔዓለም።

«ጦስኙ ምን አደረገሽ? ውኃ የያዘ ቅጠል ከዘይት ጋር አይኖርም። ጥላ ላይ ዘርግተሽ አድርቂ። በጣትሽ ስትነኪው ሲንኮሻኮሽ ያን ጊዜ ነይ። ክንድሽንም ይዘሽ ነይ፣ እሱንም እንቀባዋለን።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ገባት። ጦስኙን ጣራ ሥር ታደርቃለች፤ ዝንጅብሉን ከትፋ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። ትልቁ ድስት ውስጥ ውኃ ጥዳ፣ ጎድጓዳ ሳሕኑን ከላይ ታስቀምጥና ዘይቱን እዚያ ላይ ታሞቀዋለች። እሳቱ በቀጥታ እንዳያገኘው ነው፤ ዘይት ከጨሰ አለቀለት። ነጭ ሽንኩርት ጣል፣ ጥቂት የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጣል። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን በለሆሳስ። ሲበርድ በአሮጌ ነጠላ ታጠለውና ቡናማ የቢራ ጠርሙስ ውስጥ ትጨምረዋለች። ሽታው ከበር ላይ ይቀበልሃል።

ይህን ሁሉ የለፋችው ለእናቷ ስትል ነው።

እናቷ ደብሪቱ ባሏ ከሞተ በኋላ ቤቱን የያዘችው በልጇ በአንተነህ ነበር። እርሻውን የሚያርስ እሱ፣ ጣራውን የሚጠግን እሱ፣ እናቱን ሲያስቃት የሚውል እሱ። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ጌቾ ከሚባል ጓደኛው ጋር በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ተነሣ። ደብሪቱ ለመነች፣ አለቀሰች፣ በመጨረሻ በሶ ቋጥራ ሸኘችው። ከጊዜ በኋላ ጌቾ ከወዲያ ማዶ ደወለ። «ባሕሩ ዳር ተለያየን፤ እሱ በሌላ ጀልባ ነው የተሳፈረ» አለ። ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። የአንተነህ ስልክ ከዚያ ወዲህ ዝግ ነው።

የኔዓለም ትምህርቷን ያቆመችው ያኔ ነው። ሥራውን የሚይዝ ሰው ጠፋ። ጠዋት ጠዋት ላሟን አልባ፣ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ኮረብታ ትወጣና የወንድሟን ቁጥር ትደውላለች። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ያንኑ ነገር በዚያው በተቀዳ ድምፅዋ ትደግምላታለች። ስትመለስ እናቷ በር ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። አትጠይቅም። የልጇን ፊት አየት ታደርግና ተመልሳ ትገባለች።

ሁዳዴ ሲገባ ደብሪቱ ለእመቤታችን ተሳለች። «ድምፁን ብቻ አሰሚኝ» ብላ። ስለቱ ስግደት ነው። ሌሊቱ ሲነጋጋ አንድ ጊዜ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ጊዜ፣ ቁርበት አንጥፋ ወደ ምሥራቅ ዞራ ትሰግዳለች። ቁጥሩን ከእሷና ከንስሐ አባቷ ከአባ አካለ ወልድ በቀር የሚያውቅ የለም። ቅዳሜና እሑድ ስግደት ስለሌለ ያኔ ታርፋለች። ሰኞ ትጀምራለች።

ጉልበቷ ግን ድሮም የታመመ ነበር። በጾሙ አጋማሽ ላይ አብጦ እንደ ቅል ሆነ። ወርዳ ግንባሯን መሬት ታስነካለች፤ መነሣቱ ነው ያቃታት። ምሰሶውን ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ አንዷን እግር ከዚያ ሌላዋን። የኔዓለም ከምድጃው አጠገብ ሆና ታያታለች። ልትደግፋት ስትነሣ፣ «ተቀመጪ፤ የሰው እጅ ካገዘኝ ስግደቱ የማን ሊባል ነው?» ትላታለች።

መድኃኒቱስ የሰው እጅ አይደለም እንዴ? እሱን ግን ደብሪቱ እሺ አለች። ማታ ማታ እግሯን ዘርግታ ስትቀመጥ የኔዓለም ዘይቱን ታሻታለች። ይቀላታል ማለት አይቻልም፤ እንቅልፍ ግን ይወስዳታል።

እንዲህ ሲሉ ዘይቱ አለቀ።

ኑግ በዚያ ብርድ አይበቅልም። ዘይቱ የሚመጣው ከሉማሜ በኩል ከቆላው ነው። ዋጋው አልቀመስ ብሎ ነበር፤ እሱም ቢሆን በዚያ ሰሞን ገበያ ላይ ጠፋ። ጾም ደግሞ ነው፤ ወጥ ሁሉ የሚሠራው በዘይት። ማድጋው ሥር የቀረችውን የኔዓለም ለጉልበቱ ስትቀዳ እናቷ አየቻት።

«ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ላበስለው ነዋ። ማታ የምትቀቢው አልቋል።»

«ዘይቱን ጉልበቴ ላይ አፍስሰሽ ሽሮውን በውኃ ልትሠሪው ነው? መልሺው። እስከ ፋሲካ እንደ ምንም እደርሳለሁ።»

«በምንሽ ነው የምትደርሺው? በዚህ እግር?»

«በአፍሽ እደርሳለሁ። እሱ አይደክመው።»

የኔዓለም መለሰችው። ግን በዚያው ጓዳ፣ ከማድጋው ጎን፣ የቅቤው ቅል ተንጠልጥሎ ነበር።

ጾም ውስጥ ያለ ቤት እንዲህ ነው። ዘይት ሲጠፋ ቅቤ ይትረፈረፋል። ላሟ ቡሬ ከጾሙ በፊት ወልዳለች፤ ወተቷን የሚጠጣ የለም፤ ይናጣል፤ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል። የምትንጠው የኔዓለም ናት፤ ቅሉን የምትሞላው የኔዓለም ናት፤ ስንት እንደሞላ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ሰፈሩ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ሁዳዴ ከገባ ራሷን እንኳን ቅቤ አትቀባም። የኔዓለምም አትቀባም። እሱን ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም።

ቅሉን እያየች ከራሷ ጋር ተከራከረች። ቅቤ የሚከለከለው ለአፍ ነው። እሺ፣ ለራስም ነው እንበል። ጉልበት ግን ፀጉር የለውም። ጉልበት አይበላም፣ አይጠጣም። ማን ጾም አዘዘበት? ክርክሩን ረታች። ሌላ ተከራካሪ አልነበረማ።

እናቷ ዕለቱን ለአንድ ለቅሶ ወደ ታች ሰፈር ወርዳ ነበር። የኔዓለም ቅቤውን አቅልጣ፣ አረፋውን ገፍፋ፣ ጦስኙን ዝንጅብሉን አበዛችበት። ሽታው እንዳያሳጣት ነጭ ሽንኩርቱን እጥፍ አደረገች፤ የባሕር ዛፉንም እንዲሁ። ቀለሙ እንዲጠቁር ጠርሙሱ ሥር የተረፈችውን ጭላጭ የኑግ ዘይት ጨመረችበት። ያስቸገራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በዚያ ብርድ ቅቤ ይረጋል፤ የኑግ ዘይት አይረጋም። እናቷ ጠርሙሱን ብታየው ወዲያው ታውቃለች። ስለዚህ ጠርሙሱን ከምድጃው ጀርባ ደበቀችውና ማታ ማታ ሳሕን ላይ አሙቃ ብቻ ታመጣው ጀመር።

«ደግሞ ታሞቂልኛለሽ?» አለች ደብሪቱ። «ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው?»

«ሲሞቅ ነው የሚሠራው።»

«ትምህርትሽን እንዲህ ብትይዢው ይሄኔ ሐኪም ነበርሽ።»

ሥራው ግን ጉድ ነበር። ቅቤው ነው ወይስ እሽታው፣ ወይ ሙቀቱ፣ ብቻ እብጠቱ ጎደለ። በሳምንቱ ደብሪቱ ምሰሶውን ሳትይዝ ተነሣች። አንዴ ሰግዳ ተነሣች፤ ደገመች፤ ቆም ብላ ጉልበቷን እንደ እንግዳ ሰው አየችው። የኔዓለም ከምድጃው ጥግ ሆና አየቻት። በማግሥቱ ምንጩ ዳር ያወራችውን የሰማ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ክሊኒክ የከፈተች ይመስለዋል።

ያላሰበችው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ወደ ማታ ከኮረብታው ስትመለስ እናቷና እትዬ ወለተ ሚካኤል አጥሩ ሥር ተቀምጠው ያወራሉ። ደብሪቱ ጉልበቷን እያጠፈች እየዘረጋች ታሳያለች።

«ይዩት እስቲ። እንዲህ ነበር እንዴ? ደንጊያ አልነበረም?»

«ይቺ ለፍላፊ ልጅ እውነትም እጅ አላት ማለት ነው» አሉ እትዬ ወለተ ሚካኤል።

«የዘይት ሥራ አይደለም። ዘይትማ ስትቀባኝ ከርማ የለ? ሳይሰማኝ ነው የኖረ።» ደብሪቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እመቤቴ ናት። ‹ልጄ ካለበት ጭንቅ ሲወጣ አሳውቂኝ› ብያትም ነበር። ጉልበቴን ለቀቀችልኝ። አንተነህ ከያዘው ነገር ወጥቷል። ታስሮም ከሆነ ተፈትቷል። እኔ አውቄዋለሁ።»

እትዬ ወለተ ሚካኤል ሌላ ጊዜ ለሁሉ ነገር መልስ አላቸው። ያን ዕለት ግን፣ «አሜን፣ ይሁንልሽ» ብቻ አሉ።

የኔዓለም ልትናገር አፏን ከፈተች። የእናቷን ፊት አየች። አንተነህ ከሄደ ወዲህ ያ ፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። አፏን መልሳ ዘጋችው።

በማግሥቱ ደብሪቱ የአንተነህን ጋቢ አውጥታ አጠበች። መደቡ ላይ ያከማቹትን ድንች አነሣችና አዲስ ገለባ አነጠፈች። ቀይዋን ዶሮ ለፋሲካ እንዳትነካ ብላ አዘዘች፤ «እሱ የሚወዳት እሷን ነው፤ እስኪመጣ ትቆይ።» ደግሞ መሳቅ ጀመረች። ሥራ ላይ ሆና ታንጎራጉራለች። ኮረብታው ላይ ስልኩ ዝግ መሆኑን ስትሰማ እንኳ፣ «ገና ስልክ አልገዛም ይሆናል» ትላለች።

የኔዓለም ጉድጓድ ውስጥ እንደገባች ገባት። ቅቤውን ብታቆም እብጠቱ ይመለሳል። እብጠቱ ከተመለሰ እናቷ አንተነህ ተመልሶ ተያዘ ትላለች። ወይም የባሰ ትላለች። ስለዚህ ማታ ማታ ሳሕኑን ታሞቃለች፣ ታሻለች፣ አትናገርም። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ «ዶክተሯ፣ ዛሬ ምን ዘጋሽ?» ይሏታል። ጉራው ጠፋ። ከቅሉ ውስጥ ቅቤ በወሰደች ቁጥር ግን አንድ ነገር ትመኝ ነበር፤ አንተነህ በእውነት ቢደውል። ቢደውልማ ሁሉም ነገር እውነት ይሆን ነበር፤ ቅቤውም ምንም አይሆን።

ከሆሳዕና በፊት ባለችው ቅዳሜ ቀኑ ብራ ነበር። ስግደት የለም። ደብሪቱ ደጅ ቁርበት ላይ እግሯን ዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች። የኔዓለም አጠገቧ ተንበርክካ ጉልበቷን ታሻለች። እትዬ ወለተ ሚካኤል ግድግዳውን ተደግፈው የምራታቸውን ሐሜት ጀምረዋል።

ድመቷ ከእህል ጎተራው ሥር ብቅ አለች። አመድማ ናት፤ ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ወተት የሚያቀምሳት ጠፍቶ ሳትወድ የጾመች። መጣችና የደብሪቱን ጉልበት አሸተተች። ከዚያ ላሰችው።

«ሂጂ» አለች የኔዓለም፣ በክንዷ ገፋ አድርጋ።

ድመቷ ዞራ በሌላው በኩል መጣች። ዓይኗን ጨፍና፣ እያንጎራጎረች፣ ጉልበቱን ከላይ እስከ ታች ትልሰዋለች።

እትዬ ወለተ ሚካኤል ሳቁ። «ይቺ ድመት ምን ነካት? ጾሙን ልትገድፍብሽ ነው እኮ።»

ብለው ሳያበቁ ሳቃቸው ቆመ። ያሉት ለራሳቸውም ገባቸው።

ደብሪቱ ድመቷን አየቻት። ልጇን አየቻት። ጣቷን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ወደ አፍንጫዋ ወሰደችው።

«ምንድን ነው ያለበት?»

«ጦስኝ» አለች የኔዓለም።

«ሌላስ?»

«ዝንጅብል። ነጭ ሽንኩርት።»

«ድመት ነጭ ሽንኩርት ስትልስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

የኔዓለም ሳሕኑን አየችው። ፀሐዩ ቢኖርም ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ የተረፈው ከዳር ዳሩ መርጋት ጀምሯል፤ ቢጫ ሆኖ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዘይቱ ካለቀ ጀምሮ። እማ፣ አፍሽ አልነካም። እኔ ራስሽ ላይ አላደረግሁ። ጉልበት እኮ ነው።»

«ለእመቤቴ የነገርኳት ገላዬ ቅቤ ሳይነካው ልሰግድ ነው።»

«አላወቅሁም። ይኼን አልነገርሽኝም።»

«ለአንቺ አይደለማ የተሳልኩት።»

ደብሪቱ ተነሥታ ገባች፤ ውኃ አሙቃ፣ አመድና ሳሙና ይዛ ጉልበቷን ትፈገፍገው ጀመር። ቆዳው ቀላ፤ አልተወችም። እትዬ ወለተ ሚካኤል ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። የኔዓለምን ትከሻዋን ነካ አድርገዋት ሄዱ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ደብሪቱ አባ አካለ ወልድን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አገኘቻቸው። የኔዓለም ከዛፉ ወዲያ ቆማ ትሰማለች።

አባ ነገሩን ሰምተው ፈገግ አሉ። «የልጅ ሥራ ነው፤ ለእናቷ ብላ። አልበላሽም፣ አልቀመስሽም። ይኼ ኃጢአት አይባልም፤ ሂጂ ጾምሽን ፈጽሚ።»

«ስለ ኃጢአቱ አይደለም የምጠይቅዎ፣ አባ።»

«ስለ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ጉልበቴ የቀለለኝ ልጄ ስለቀለለው ነበር የመሰለኝ። በቅቤ ከሆነ የቀለለኝ፣ ስለ እሱ የተነገረኝ ምንድን ነው? ምንም አልተነገረኝም ማለት ነው?»

አባ አካለ ወልድ መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልጄ» አሉ በመጨረሻ።

«እሱስ ያውቃል» አለች ደብሪቱ።

ሰኞ ሕማማት ገባ። ደብሪቱ ስግደቱን እንደ አዲስ ጀመረችው፤ ያለፈውን እንዳልሰገደች ቆጠረችው። እንድትቀባት አትፈቅድም፤ ሳሕን ይዛ የመጣችውን ልጇን ቀና ብላም አታያት። ጉልበቷ በሦስተኛው ቀን እንደ ድሮው ሆነ። አብጦ ቀሚሷን ገፋ።

የስቅለት ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ሰዉ ሁሉ ይሰግዳል፤ አቧራው፣ ላቡ፣ የሕፃናቱ ለቅሶ። የኔዓለም ከእናቷ ኋላ ሆና ትሰግዳለች፤ ዓይኗን ከእናቷ ተረከዝ ላይ አላነሣችም። ደብሪቱ ስትወርድ ትቆያለች። ስትነሣ ይበልጥ ትቆያለች። የአጠገቧ ሴቶች ሁለቴ ሲሰግዱ እሷ አንዴ ትደርሳለች።

ማምሻውን ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው የምእመኑን ጀርባ እየነኩ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ስግደት ሲያዙ፣ አባ አካለ ወልድ ደብሪቱ ጋ ደረሱ። ጀርባዋን በቀስታ ነካ አደረጉ።

«አንቺ በቃሽ። ግቢ።»

«ይጨምሩልኝ፣ አባ።»

«በቃሽ ብያለሁ።»

«ለሰው ሁሉ ሲሰጡ ለእኔ ምን ነው የሚነፍጉኝ?»

አባ ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ። ደብሪቱ ለራሷ ሰጠች። ወረደች። ተነሣች። ወረደች። አልተነሣችም። ግንባሯን መሬት ላይ እንዳደረገች ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። የኔዓለም መጀመሪያ የምታለቅስ መሰላት፤ ለመነሣት እየታገለች ነበር። እትዬ ወለተ ሚካኤልና ሌላ ሴት ብብቷን ይዘው አነሷት። ወደ ቤት ያደረሷት በጎረቤት በቅሎ ነው።

ፋሲካ ዋለ። ዶሮ ታረደ፤ ቀይዋ አይደለችም። ስልኩን በር መቃኑ ላይ ሰቅለውታል፤ እዚያ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ ኔትወርክ ይይዛል። ደብሪቱ መደብ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ እሱን ብቻ ታያለች። እንጀራው ፊት ለፊቷ እንደቀረበ ደረቀ።

ቀኑ ወደ ማታ ሲል ስልኩ ጮኸ።

ደብሪቱ ጉልበቷን ረሳችው። ከመደቡ ዘላ ተነሣች፤ እግሯ ከዳትና ወለሉ ላይ ወደቀች። «አንሺው፣ እኔን ተዪኝ፣ እሱን አንሺው» ትላለች ከወደቀችበት። የኔዓለም አነሣችው። የውጭ ቁጥር ነው።

«ሄሎ? እንኳን አደረሳችሁ» አለ የወንድ ድምፅ። «እኔ ነኝ፣ ጌቾ። እማማ ደብሪቱ ደኅና ናት? አንተነህስ ደወለላችሁ?»

የኔዓለም ስልኩን እንደያዘች ቆመች። እናቷ ከወለሉ ላይ አንጋጣ ታያታለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጌቾ «ሄሎ፣ ሄሎ» ይላል። ሲጠይቅ ነው የሰማችው፤ የጠየቀው ደግሞ እነሱ የሚጠይቁትን ነው።

«ጌቾ ነው» አለች የኔዓለም።

ደብሪቱ ግንባሯን ወለሉ ላይ መለሰችው። ልክ እንደ ስግደት ነበር፤ ስግደት ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አልሰገደችም። አላንጎራጎረችም። ጋቢውን አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው፤ መደቡ ላይም ድንቹ ተመለሰ። ጠዋት ጠዋት የኔዓለም ከኮረብታው ስትመለስ በር ላይ የሚጠብቃት ሰው የለም። እናቷ ከተቀመጠችበት አትነሣም። ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት እንውሰድሽ ቢሏት እንቢ አለች። መነሣት ስላቃታት ነው የሚል አለ። የኔዓለም ግን መነሣት ስላልፈለገች እንደሆነ ታውቅ ነበር።

በዳግም ትንሣኤ ማግሥት እትዬ ወለተ ሚካኤል ከነጠላቸው ሥር አንድ ጠርሙስ አወጡ። ከሉማሜ ወንድማቸው የላከላቸው የኑግ ዘይት ነው።

«ውሰጂ» አሏት። «በሥርዓት ሥሪው። ድመት የሚጠራ ነገር እንዳትጨምሪ።»

የኔዓለም በሕይወቷ እንደዚያ ዓይነት ዘይት ሠርታ አታውቅም። ጦስኙን ቅጠል በቅጠል ለየችው፤ አገዳውን ጣለች። ዝንጅብሉ ሲሰበር ጧ እስኪል አደረቀችው። ድስቱን በየጊዜው ከእሳት እያወጣች፣ እየመለሰች፣ ጣቷን እያስነካች። አንድም ጊዜ አልጨሰም፣ አንድም ጊዜ አልተንጣጣም። ሦስቴ አጠለለችው። ፀሐይ ላይ ስታነሣው ጠርሙሱ ውስጥ ጠቆር ያለ ማር ይመስላል፤ ሽታው ዝናብ የመታው ተራራ ነው። ቢቀዘቅዝም የሚረጋ ነገር የለበትም፤ ሌሊቱን ደጅ አሳድራ ፈትናዋለች።

ይዛው ስትገባ የድሮዋ የኔዓለም ነበረች ለማለት ይቻላል። ደረቷን ነፋ አድርጋ ከእናቷ ፊት ተንበረከከች። ሳሕኑን አላሞቀችውም፤ ጠርሙሱን እንዳለ አሳየቻት።

«እዪው፣ እማ። ንጹሕ ኑግ ነው። ምንም የለበትም፤ ከፈለግሽ እትዬ ወለተ ሚካኤልን ጠይቂያቸው። ዛሬም ነገም እቀባሻለሁ። ከዚህ በፊት የሠራሁት ሁሉ ጨዋታ ነበር፤ ይኼ ነው ዘይት። እኔ ከቀባሁሽ ይኼ ጉልበት ይድናል፤ በራሴ እምላለሁ።»

ደብሪቱ ጠርሙሱን አየችው። ጉልበቷን አየችው። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች።

«ድኖ የት ሊሄድ ነው?» አለቻት።